የሚረሳ ልጅ በወላጁ ላይ ያለው መብት

ምስጋና ሰውን ለፈጠረና የማያውቀውን ላስተማረ ለአላህ ይሁን፤ እዝነትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ የምታነብ ወንድሜ ሆይ፥ ልጅህ ማታ ያጠናው ሱራ ጧት ሲጠየቅ የጠፋበት እንደ ሆነ፥ ወይም ወደ ሱቅ ልከኸው የታዘዘውን ዘንግቶ ባዶ እጁን የተመለሰ እንደ ሆነ፥ እጅህ ወደ ዱላ ከመዘርጋቱ፥ ምላስህም «ደንቆሮ» ከማለቱ በፊት ጥቂት ቆም ብለህ አስብ። ይህ ልጅ ከአላህ የተቀበልኸው አደራ ነው፤ ስለ አያያዝህም ነገ ትጠየቅበታለህ። ዛሬ የምትሰነዝረው የስድብ ቃል ከመርሳት አያድነውም፤ ነገር ግን ኪታብ በተገለጠ ቁጥር ልቡ እንዲደነግጥ ያደርገዋል። ኪታቡን የፈራ ልጅም ውሎ አድሮ ይሸሸዋል፤ ይህም ጉዳት ከመርሳቱ እጅግ የከፋ ነው።

አስቀድመህ መርሳት የሰው ልጅ ጠባይ መሆኑን እወቅ። አባታችን አደም ቃል ኪዳኑን እንደ ረሳ በሱረቱ ጣሃ ተነግሯል፤ የነቢዩ ሙሳ ወጣት ተከታይም የዓሣውን ነገር እንደ ዘነጋ በሱረቱል ከህፍ ተጽፏል። ነቢያችንም በሶላት ላይ በዘነጉ ጊዜ፥ እንደ ሰው ሁሉ የሚረሱ መሆናቸውን ገልጸው፥ ሲረሱ እንዲያስታውሷቸው ባልደረቦቻቸውን አዘዋል። እነሆ ሸሪዓ በሶላቱ ለዘነጋ ሰው የሰጠው የመርሳት ሱጁድን ነው እንጂ ግርፋትን አይደለም። ለአዋቂው በጌታው ፊት በቆመበት ሰዓት መጠገኛ ከተሰጠው፥ ለሕፃኑ በአባቱ ፊት እንዴት ይከለከላል?

የአነስ ኢብኑ ማሊክንም ነገር አስተውል። አነስ ገና ብላቴና ሳሉ ነቢዩ ለጉዳይ ላኳቸው፤ እርሳቸው ግን በመንገድ ላይ ልጆች ሲጫወቱ አግኝተው በዚያው ቆዩ። ነቢዩም ከኋላ መጥተው ማጅራታቸውን ያዟቸው፤ ዘወር ብለው ቢያዩ ነቢዩ ይስቁ ነበር። በቁልምጫ ስማቸውም ጠርተው ወደ ታዘዙበት ሄደው እንደ ሆነ ጠየቋቸው፤ ብላቴናውም አሁን እሄዳለሁ ብለው መለሱ። አነስ 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድም የማማረር ቃል ከነቢዩ አልሰሙም። ያ በጨዋታ የዘገየ ብላቴናም ኋላ ከ2000 የሚበልጥ ሐዲስ ያስተላለፉ ታላቅ ሰው ሆኑ።

እንግዲህ መድኃኒቱን ከመፈለግህ በፊት ምክንያቱን መርምር። ብዙ ጊዜ «ይረሳል» የምንለው ልጅ ፈጽሞ ያልሰማ ወይም ያላየ ነው፤ ስለዚህ ጆሮውንና ዓይኑን ሐኪም ይመልከትለት። ደሙ ብረት ያነሰው ልጅ ይደክማል፥ ሐሳቡም ይበተናል፤ አዮዲን ያጣ ልጅም አእምሮው ይጎዳል። በመካከሉ ለጥቂት ሰኮንድ ፈዝዞ ቀርቶ ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ ምናልባት የሚጥል በሽታ ዓይነት ይዞት ይሆናልና ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ውሰደው። በቤት ውስጥ ጠብና ፍርሃት ያለበት ልጅም ልቡ ወደ ትምህርቱ አይመለስም። ለማስታወስ ይረዳል ተብሎ በገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ያለ ሐኪም ምክር አታውጠው።

ሁለተኛው፥ ትምህርቱን በጥቂት በጥቂቱ ስጠው። ቁርዓን የወረደው በአንድ ሌሊት ለነቢዩ ተጠቅልሎ ሳይሆን በ23 ዓመታት ውስጥ በየጊዜው ነው። ባልደረቦቻቸውም 10 አንቀጽ ይማሩና ትርጉሙንና ሥራውን ሳያውቁ ወደሚቀጥለው አያልፉም ነበር። ያልገባው ቃል ከልጁ ልብ ፈጥኖ ይወጣልና አስቀድመህ ትርጉሙን አስረዳው።

ሦስተኛው፥ መድገምን አትተው። ነቢዩ ቁርዓንን የያዘውን ሰው ግመሎቹን አስሮ እንደሚጠብቅ ሰው መስለውታል፤ ቢከታተላቸው ይቆዩለታል፥ ቢለቃቸው ይሄዱበታል። ጀርመናዊው ሊቅ ሔርማን ኤቢንግሃውስም ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በማጥናት በራሱ ላይ ሞክሮ፥ ሰው ካጠናው ብዙውን የሚያጣው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ቀን 20 ጊዜ ከማስጮህ ይልቅ፥ በዚያው ማታ፥ በማግሥቱ፥ ከ3 ቀን በኋላና ከሳምንት በኋላ አስደግመው። ሲደግምም ኪታቡን ዘግቶ ከልቡ ይበለው፤ አንተ ወይም እናቱ አዳምጡት፤ ሲጠፋበትም የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አቀብሉት። ጅብሪል በየዓመቱ ረመዳን ለነቢዩ ቁርዓንን ያስደግሙ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመትም ሁለት ጊዜ አስደግመዋል። ለነቢዩ መድገም ካስፈለገ ለልጅህማ እንዴት አያስፈልግ!

አራተኛው፥ እንቅልፉን አትንፈገው። የተማረው ነገር በአእምሮው የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ነቢዩ ከዒሻ ሶላት በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ ነበር፤ አንተም ለፈጅር የምትቀሰቅሰውን ልጅ በጊዜ አስተኛው፤ ቴሌቪዥኑንና ስልኩንም ከመኝታው አርቅለት።

በቤት ሥራም ቢሆን ሦስት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አትስጠው። ዓይኑን እያየህ አንዱን ንገረው፥ ምን እንዳልኸው መልሶ ይንገርህ፥ ከዚያም ይሂድ። ለደብተሩ፥ ለጫማውና ለኪታቡ የታወቀ ቦታ ይኑራቸው። ከወንድሙ ጋር አታወዳድረው፤ ከትናንቱ ራሱ ጋር እንጂ።

እኅቴ ሆይ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ልጃችሁ አሁንም ቀስ ብሎ የሚይዝ ቢሆን አትዘኑበት። ቁርዓንን እየተቸገረ ለሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ አስተምረዋል። በአላህ ዘንድ ሁለት ምንዳ ያለውን ልጅ በቤቱ ከሰው በታች ማድረግ እንዴት ይገባል! የታዘዝነው ልጃችንን በምሕረት ማሳደግ ነው፤ በልቡ ያለውን የሚያጸናው ግን አላህ ነው።

ጌታችን ሆይ፥ ለልጆቻችን ዕውቀትን ጨምርላቸው፤ ለእኛም በእነርሱ ላይ ትዕግሥትን ስጠን። አሚን።