የሓጎስ «ሓ»

ኮዱ ከሃያ መስመር አይበልጥም። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይቀይራል። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ መብራት በሄደበት ምሽት፣ ላፕቶፔ በባትሪ እየሠራ ነው የጻፍኩት። ለብሎካችን እድር የአባላት መዝገብ ነበር። አንዱ «ሠናይት»፣ ሌላው «ሰናይት» ብሎ ሲመዘግብ ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርጋታል፤ ወርሃዊ ክፍያዋ ለሁለት ይከፈልና ሐዘን የደረሰባት ቀን «አልከፈልሽም» ትባላለች። ስለዚህ ጆሮ የማይለየውን መዝገቡም አይለይ አልኩ።

በግዕዝ ይሄ አያስኬድም። ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ እንደ ፀሐይ፤ ሰረቀ ያው የምናውቀው ስርቆት ነው። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ። አማርኛ የድምፁን ልዩነት ጥሎ ፊደሉን ይዞ ቀረ። ዩኒኮድም በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችንን ሲያስገባ ለሀ፣ ለሐ፣ ለኀ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጣቸው፤ ለኮምፒውተር ሦስቱ ባዕዳን ናቸው። (በሌላ በኩል ገና በዓሉንና ገና ያልደረሰውን ፊደላችን ራሱ አይለያቸውም፤ መጥበቅ መላላቱን አንባቢው ከራሱ ይሞላል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።)

ካርዱ ታትሞ በታደለ ማግስት ታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ጋሼ በሬን አንኳኩ።

«አንብበው እስቲ።»

«ሀጎስ» አልኩ፣ የአባታቸውን ስም።

«ሓጎስ» አሉ፣ ከጉሮሯቸው ጨምቀው። «ደስታ ማለት ነው። አንተ የጻፍከው ምንም ማለት አይደለም።»

ትግርኛ ሀንና ሐን ዛሬም በአፍ ይለያል። ይህን አውቅ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሰምቻለሁ። ኮዱን ስጽፍ ግን «ድምፁ አንድ ነው» ስል የማን ጆሮ ላይ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ማስተካከሉ ሁለት ሰዓት ፈጀ፦ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ማመሳሰሉ ለፍለጋ ብቻ ይውላል። የእድሩ ክፍያ እንዳይደበላለቅ ያደረግኩት ትክክል ነበር፣ አሁንም አልጸጸትበትም። የሚቆጠቁጠኝ ያን ያህል ቀላል መፍትሔ እያለ ሳልፈልገው መቅረቴ ነው። ለእኔ ስም ጥያቄው ስላልመጣ ጥያቄ አልመሰለኝም።

ጋሼ አዲሱን ካርድ ተቀብለው ደረጃው ላይ «ሓ» በል አሉኝ። ሞከርኩ። እንደሚያስለኝ ሰው ሆንኩ፤ ሳቁብኝ።

ባለፈው እሑድ የእድሩ ጸሐፊ በእጅ የሚሞላውን መዝገብ ከካርዱ ሲገለብጥ «ሀጎስ» ብሎ አየሁት። ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ድምፁ ያው አይደል እንዴ?» አለ።