ጉልበት ሲጨመር ሸክሙ የማን ነው?

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከላይ ሲታይ የቅንጦት ወሬ ይመስላል። «ስንት አንገብጋቢ ነገር እያለ ስለ መኪና ሞተር ይጽፋል እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሆኖም ሁለት ወር ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የቆየ ነገር በመሆኑና ከመኪናው ይልቅ ስለ ራሴ ብዙ ስላስተማረኝ ልጽፈው ወደድኩ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ በቨርጂኒያ ነው። ለሥራ ከምነዳት መኪና ሌላ በ1990 እ.ኤ.አ. የተሠራች አንዲት አሮጌ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 አለችኝ፤ እዚህ «ሚያታ» ይሏታል። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣራዋ የሚታጠፍ ስፖርት መኪና ናት። ይህች ዓይነት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው በ1989 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ሲሆን፣ ሠሪዎቿ ያሰቡት ከሁሉ የፈጠነች መኪና ሳይሆን ቀላልና ለመሪ የምትታዘዝ መኪና ነበር። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቱም 116 ፈረስ ነው። ክብደቷ አንድ ቶን ያህል ብቻ ስለሆነ ያ ይበቃታል ተብሎ የተመጠነ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ነው። ወደ አውራ ጎዳናው ስንገባ ሰባት ሰው የሚጭን የቤተሰብ መኪና ከኋላችን ተነስቶ እንደ ቆመ ግንድ አልፎን ሄደ። አጠገቤ የተቀመጠው የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ «አባዬ፣ ሕፃናት የጫነች እናት ቀደመችን እኮ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ከከንፈሬ እንጂ ከሆዴ እንዳልነበረ ታወቀኝ። በሳምንቱ ጋራዥ ወዳለው ወዳጄ ዘንድ ሄጄ ስለ ሱፐርቻርጀር ጠየቅሁት። ወዳጄ የአገር ልጅ፣ እጁም የተመሰከረለት መካኒክ ነው። «ያገለገለ አለኝ፤ ከነሥራው በ3,800 ዶላር እገጥምልሃለሁ» አለኝ።

ለማያውቁት አንባቢያን ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነው። ብዙ አየር ካገኘ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል፣ ብዙ ጉልበትም መስጠት ይችላል። ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር ተያይዞ የሚሽከረከር ነፊ ሲሆን፣ አየሩን እየገፋ በግድ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ከዓይነቶቹ አንዱ ሩትስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ1860 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጡለት ሲሆን፣ መጀመሪያ ያገለገለው ለብረት ማቅለጫ ምድጃ ነፋስ ለመንፋት ነበር። ለሽያጭ በተሠሩ የቤት መኪኖች ላይ ሱፐርቻርጀር ገጥሞ በማቅረብ በ1921 እ.ኤ.አ. ቀዳሚ የሆነው የጀርመኑ መርሴዲስ ነው።

ወዳጄ ያቀረበልኝ መሣሪያ በተፈጥሮው የአየር ግፊት ላይ አርባ በመቶ ያህል የሚጨምር ነው። ታዲያ ይህ ጭማሪ በነጻ አይመጣም። የተጨመቀ አየር ይሞቃል። የእኔ ሞተር የተሠራው በራሱ ለሚስበው አየር ስለሆነ፣ የሞቀና የበዛ አየር ሲገባበት ነዳጁ ያለጊዜው ሊቀጣጠልና ፒስቶኑን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ የነዳጁ መጠንና የእሳቱ ሰዓት መስተካከል፣ ቤንዚኑም የተሻለው ዓይነት መሆን አለበት። ራዲያተሩ ተጨማሪ ሙቀት ይሸከማል። ቀጥሎ ሸክሙ ወደ ፍሪሲዮን፣ ከፍሪሲዮን ወደ ካምቢዮ ያልፋል። በመጨረሻ ወደ ፍሬን ይደርሳል። የመኪና ፍጥነት በአርባ በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል እጥፍ ያህል ይሆናል። ፍሬኑ ግን ያው የቀድሞው ፍሬን ነው።

ይህን ስሰማ አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። የእንግሊዙ የመኪና ሠሪ ዋልተር ኦወን ቤንትሌይ ሱፐርቻርጀርን አጥብቆ ይቃወም ነበር። ተጨማሪ ጉልበት ካስፈለገ ሞተሩን ራሱን ትልቅ አድርጎ መሥራት ይሻላል ባይ ነው። ዝነኛው እሽቅድምድም ነጂ ሰር ሄንሪ በርኪን ግን አልሰማውም፤ በ4.5 ሊትሩ ቤንትሌይ ላይ አስገጠመ። በእርግጥም መኪናው እጅግ ፈጠነ። በ1930 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሌ ማን በተካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ግን ባለ ሱፐርቻርጀሮቹ ቤንትሌዮች አንዳቸውም ሳይጨርሱ ቀሩ። ያሸነፈው ሱፐርቻርጀር የሌለው ባለ 6.5 ሊትሩ ቤንትሌይ ነበር። ለበርኪን ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ በዚሁ ዓይነት መኪና ሁለተኛ ወጥቷል። እንግዲህ ጉልበቱ ውሸት አልነበረም። የቸገረው መዝለቁ ነው።

ይህን ስል ግን መሣሪያውን በራሱ መኮነኔ አይደለም። አዲስ አበባን እንውሰድ። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የእኔን መኪና የመሰለ ሞተር እዚያ ሲነዳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበሩ የጦር አውሮፕላኖችም አየሩ ከሳሳበት ከፍታ ላይ ሞተራቸው እንዳይታፈን ሱፐርቻርጀር ይጠቀሙ ነበር። እዚያ መሣሪያው የጎደለውን ይሞላል። ዑለሞቻችን የሰውን ጉዳይ ዶሩራ፣ ሓጃና ተሕሲን ብለው በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል፤ ያለእርሱ የማይኖሩት፣ ካለእርሱ የሚቸገሩበትና የሚያምሩበት ማለት ነው። ለአውሮፕላኑ ሓጃ፣ ምናልባትም ዶሩራ የሆነው ነገር ለእኔ ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ለምነዳው ምን ይሆን?

ይህንኑ ለወዳጄ ብነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ሁለት ወንበር ያላትን መኪና መጀመሪያ ለዶሩራ ነው እንዴ የገዛሃት? ማማሩን ከፈቀድክ ስለ መጠኑ ምን አስጨነቀህ? ሐላል ገንዘብህ ነው። ሥራውም ጥበብ ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ለጊዜው መልስ አጣሁ። ማማር አልተከለከለም። በእጅ ሥራ መደሰትም ነውር አይደለም። የወዳጄ ክርክር እስከ ዛሬ ድረስ ሙሉ በሙሉ ተረትቷል ብዬ አላምንም።

ሆኖም እርሱ ራሱ ሳያውቀው መልሱን ሰጠኝ። ሊያግባባኝ ፈልጎ «ድምፁን ብቻ ብትሰማው! መብራት ላይ ስትቆም ሰው ሁሉ ዞሮ ነው የሚያይህ» አለኝ። ልቤ ዘለለ። ወዲያውም አፈርኩ። ራሴን ጠየቅሁ፤ ይህን መሣሪያ ማንም የማያይልኝ፣ ማንም የማይሰማልኝ ቢሆን አስገጥመው ነበርን? ያቺ ሕፃናት የጫነች እናት ባትቀድመኝ ኖሮ መኪናዬ ደካማ ናት ብዬ አስብ ነበርን? በቨርጂኒያ ሕግ በሰዓት ከ85 ማይል፣ ማለትም ከ137 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ መንዳት በግዴለሽነት መንዳት ተብሎ በወንጀል ያስከስሳል። አሮጊቷ መኪናዬ እንዲሁ እንዳለች ከ170 በላይ ትሄዳለች። እንግዲህ ስገዛው የነበረው ፍጥነት አልነበረም። እዩልኝ ስሙልኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ልጄ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ ያወጣል፤ መኪናዋንም እንደሚነዳት ከወዲሁ ቃል ገብቼለታለሁ። በዚያ ዘመን የተሠራች በመሆኗ የአየር ከረጢት ያላት በነጂው በኩል ብቻ ነው። እኔ በኩራቴ የጨመርኩትን ጉልበት የሚሸከመው ማን ነው? ፍሬኑ፣ ጎማው፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ጓደኛው፣ መንገድ የሚያቋርጠው የሰው ልጅ! እኔ ዋጋውን በዶላር ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ እነርሱ ግን ስላልተጠየቁበት ነገር ዕዳ ይገባሉ። የሰው ነፍስ አማና ነው። የራስን ገንዘብ በራስ ምኞት ማጥፋት አንድ ነገር ነው፤ የራስን ምኞት በሌላው ሰው ትከሻ ላይ መጫን ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ፍርድ የሁሉም ሰው ፍርድ መሆን አለበት አልልም። ሞተሩን ከሥር አጠናክሮ፣ ፍሬኑን ለውጦ፣ በተዘጋ የውድድር ሜዳ ላይ ለብቻው የሚነዳ ሰው ሸክሙን ራሱ ተሸክሟል፤ ከእርሱ ጋር ጠብ የለኝም። እኔ ግን እንደዚያ አልነበርኩም።

ወዳጄ ዘንድ ተመልሼ ሱፐርቻርጀሩን ትቼ ፍሬኑን፣ ጎማዎቹን፣ ያረጁትን የውኃ ጎማዎችና የሞተሩን ቺንጋ እንዲለውጥልኝ ጠየቅሁት። ከተባለው ገንዘብ ግማሹ እንኳ አላለቀም። ወዳጄ «ማንም የማያየው ነገር ላይ ገንዘብህን አፈሰስክ» ብሎ ቀለደብኝ። ለልጄም ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳሁት። እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ታዲያ እንደተቀደምን ልንቀር ነው?» አለኝ። «አዎ፣ እንቅር» አልኩት። የተስማማ አይመስለኝም።

ምኞቱ ከልቤ ጨርሶ ወጥቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ባለፈው ሳምንት መብራት ላይ ቆሜ አንዱ ከጎኔ ሞተሩን ሲያስጮህ እግሬ ሳላዝዘው ነዳጅ መስጫው ላይ ከበድ አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ልጁ ተፈትልኮ ሄደ፤ እኔም በቀስታዬ ተከተልኩት። ወሏሁ አዕለም።