ጥፋቱን ያመነ ሰው ይግባኝ ማለት ይገባዋልን?

«ንጹሕ ነኝ» ብሎ ይግባኝ የሚለውን ሰው ማንም ይረዳዋል። የሚያስቸግረው «አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቱ ግን በዛብኝ» የሚለው ነው። ይህ ሰው የበደሉን ዋጋ ራሱ ሊተምን የፈለገ ይመስላልና፥ ብዙዎች እንደ ድፍረት ይቈጥሩበታል። እኛም ከነዚሁ መካከል ነበርን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሸኮ ስንኖር፥ በአልጋ ላይ ያሰጣነውን ጀንፈል አንድ የጎረቤት ልጅ ቤት ባልነበርንበት ቀን ወሰደው። ተይዞም አመነ፤ ሦስት ዓመት ከስድስት ወርም ተፈረደበት። በዚያ አገር ቡና የዓመቱ ልብስ፥ የልጆች ደብተር፥ የዕዳ መክፈያ ነውና፥ ፍርዱን ስንሰማ ደስ አለን፤ ይህን መሸሸግ አንወድም።

በስምንተኛው ቀን እናቱ ከደጃችን መጡ። ለማመልከቻ ጸሓፊ የሚከፍሉት ስላልነበራቸው፥ ይግባኙን እንድንጽፍላቸው ለመኑን። የተሰረቅነው እኛ፥ የሌባው ጠበቃም እኛ! «እማማ፥ ይህን እንዴት ከእኔ ይጠይቃሉ?» ብንላቸው፥ «ልጄ፥ አልሰረቀም አላልኩህም፤ ግን ቡናህ ስንት ኪሎ ነበር?» አሉን።

ኪሎውን እናውቀዋለን፤ ግማሽ ኩንታል አይሞላም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ተራ ስርቆትን በቀላል እስራት፥ ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የቀላል እስራት መነሻው 10 ቀን ነው። እንግዲህ ከ10 ቀን እስከ 5 ዓመት ያለው ሁሉ ሕጋዊ ስለ ሆነ፥ ዳኛው ሕግ ተላለፈ ልንል አንችልም። የሚጠየቀው አመዛዘኑ ነው። ሕጉ የጥፋተኛውን የቀድሞ ጠባይ፥ ድኽነቱንና ጸጸቱን እንዲመለከት ያዘዋልና። በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ የወጣውም፥ አንድ ዓይነት ጥፋት በአንዱ ችሎት ወራት፥ በሌላው ዓመታት እንዳያስቈጥር ተብሎ ነበር።

የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1936 እ.ኤ.አ. እንደ ወሰነው፥ የይግባኝ ዳኛ «እኔ ብሆን ይህን ያህል አልፈርድም ነበር» በማለት ብቻ ቅጣት አይለውጥም፤ የሥር ዳኛው በመመዘን እንደ ተሳሳተ ወይም ቅጣቱ ራሱ ከልክ ማለፉ በግልጽ መታየት አለበት። ይህን ጥንቃቄ እናከብራለን፤ የተከሳሹን ፊት ያየ የመጀመሪያው ዳኛ ነውና። ሆኖም ያ ዳኛ የተከሳሹን ፊት ብቻ አይደለም ያየው፤ የእኛንም የተቈጣ ፊት አይቷል።

ሌሊቱን ስናስብ ያደርን በዚህ ነው። ያ ልጅ ለጥፋቱ የሚገባውን ያህል መታሰሩ የእኛ መብት ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ወር ግን የማን ነው? ዕዳው አይደለም፤ ቡናችንንም አይመልስልንም። ለቍጣችን የተከፈለ ከሆነ ደግሞ፥ እኛም ያልነበረንን ወስደናል ማለት ነው።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ ባይ 15 ቀን ሰጥቶት ነበርና፥ ሰባት ቀን ቀርቶናል። ይግባኝ ሰሚው ቅጣቱን ሊቀንስ እንደሚችል ሁሉ ሊጨምርም እንደሚችል ለእናቲቱ ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ጻፈው» አሉን።

ጻፍነው። ስርቆቱን አላሳነስንም፤ የቡናውን ኪሎ፥ ማመኑን፥ ከዚያ በፊት ተከሶ አለማወቁን አሰፈርን። እናቲቱም ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፥ ልጃቸውን ሊያስፈርሙ በማግሥቱ ጧት በሚዛን መኪና ተሳፈሩ።