የእንግዳ ግዴታ፦ ለልምምድ ባሕር ማዶ የሚላክ የቢዝነስ ተማሪ በማን ግብረ ገብ ይመራል?

የንግድ ሥራ አመራር የሚያጠና ተማሪ ለኢንተርንሺፕ፣ ማለትም በክፍል የተማረውን በአንድ ድርጅት ውስጥ ለጥቂት ወራት በሥራ ለመለማመድ፣ ወደ ጃፓን በሚላክበት ጊዜ አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት በአብዛኛው የአካሄድና የአቀራረብ ነው። የስም ካርድ በሁለት እጅ እንደሚሰጥና እንደሚቀበል፣ የተቀበሉትን ካርድ ሳያነብቡ ወደ ኪስ መክተት ነውር እንደሆነ፣ አለቃ ሳይቀመጥ እንደማይቀመጥ ይነገረዋል። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ፣ በግልጽ ባይነገርም፣ እንግዳ የአስተናጋጁን ልማድ መከተል አለበት የሚል የግብረ ገብ ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ እስከምን ድረስ ያስገድዳል የሚለው ግን ከአቀራረብ ትምህርት አልፎ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄ ይሆናል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ከሰሜን አፍሪካ ተነሥታ ሚላኖ በደረሰች ጊዜ የከተማይቱ ክርስቲያኖች ቅዳሜን የማይጾሙ ሆነው ስላገኘቻቸው ተጨነቀች፤ ልጇ ጉዳዩን ለጳጳሱ ለአምብሮስዮስ ቢያቀርብለት፣ ጳጳሱ እርሱ ራሱ ሮም ሲሄድ እንደሚጾም፣ ሚላኖ ሲሆን ግን እንደማይጾም ነገረው። አውግስጢኖስ ከዓመታት በኋላ ለያኑዋርዮስ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ምክር አጽንቶ ሲያስተምር ገደብ አብጅቶለታል፤ በእርሱ ሐሳብ በየአገሩ እንዳለው ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ከሃይማኖትም ከመልካም ምግባርም ጋር የማይጋጨው ነገር ነው። (ቅዳሜ በሁሉም ዘንድ እንዲህ ሊተው የሚችል ጉዳይ እንዳልነበረ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የተቋጨውን የሰንበት ክርክር የሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ አያጣውም፤ የትኛው ልማድ ቀላል፣ የትኛው ከባድ እንደሆነ መለየቱ ራሱ የክርክሩ ግማሽ ነው።)

በንግዱ ዓለም ግን የአምብሮስዮስ ምክር ገደቡ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የግብረ ገብ አንጻራዊነት የሚባለው አስተሳሰብ፣ ይኸውም ትክክልና ስሕተት የሚለካው በየኅብረተሰቡ ልማድ ብቻ ስለሆነ ከዚያ ውጭ የሚፈርድ ሚዛን የለም የሚለው ትምህርት፣ ለእንግዳው ነጋዴ እጅግ ይመቸዋል፤ በአገሩ የሚያፍርበትን ነገር በሰው አገር ያለ ኀፍረት እንዲሠራው ይፈቅድለታልና።

ጃፓን ለዚህ የተመቸች ምሳሌ ናት። በበጋ አጋማሽ ኦቹጌን፣ በታኅሣሥ ኦሴይቦ የሚባሉ የስጦታ ወቅቶች አሏት፤ ታላላቅ መደብሮች ለዚሁ ልዩ ስፍራ ከፍተው የታሸገ ቢራ፣ ፍራፍሬ፣ የምግብ ዘይት በሣጥን አሰናድተው ይሸጣሉ፤ ሰዎችም ላኪው ማን እንደሆነ በሣጥኑ ላይ አስጽፈው ለባለውለታቸው ያደርሳሉ። ይህ ልማድ እጅ መንሻ ሳይዝ ከጌታ ደጅ የማይቀርብ ትውልድ ለነበረው አገር ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሣጥኑን «ጉቦ ነው» ብሎ የሚመልስ ተማሪ ጨዋነትን ያጎድላል እንጂ ጽድቅን አይጨምርም።

በዚያችው አገር በ1972 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ነገር ግን ሌላ ነው። ሎክሂድ የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን አምራች፣ ትራይስታር የተሰኘውን አውሮፕላን ኦል ኒፖን ኤርዌይስ እንዲገዛ ለማድረግ ለጠቅላይ ሚኒስትር ካኩዌይ ታናካ 500 ሚሊዮን የን አስተላለፈ። ገንዘቡ በየጊዜው ሲከፈል ከተሰጡት ደረሰኞች በአንዱ ላይ የተጻፈው 100 ኦቾሎኒ መቀበሉን ነበር፤ አንዱ ኦቾሎኒ አንድ ሚሊዮን የን ነው። ምስጢሩ በ1976 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ሲገለጥ የኩባንያው ኃላፊ ካርል ኮችያን ያቀረበው መከላከያ፣ ክፍያው የአሜሪካን ሕግ እንዳልጣሰና በጃፓን የንግድ ልማድ መሠረት የተፈጸመ እንደሆነ የሚያስረዳ ነበር። የልማዱ ባለቤቶች ናቸው የተባሉት ጃፓናውያን ግን በቁጣ ተነሡ፤ ታናካ በዚያው ዓመት ሐምሌ ተያዘ፤ በ1983 የቶክዮ ፍርድ ቤት የአራት ዓመት እስራት ፈረደበት። አሜሪካም በ1977 የውጭ አገር ባለሥልጣናትን መደለልን በሕግ ከለከለች።

ከሁለቱ ስጦታዎች ልዩነት የሚገኘው መለያ መጠናቸው ብቻ አይደለም። የኦቹጌኑ ሣጥን የሰጪውን ስም በግልጽ ይዞ ይጓዛል፤ ኦቾሎኒው ግን ስሙን ለውጦ በድብቅ ይገባል፤ በእውነት የአገር ልማድ የሆነ ነገር ደግሞ ከአገሬው መደበቅ አያስፈልገውም። ኮችያንስ ልማዱን ከማን ሰማ? ክፍያውን ከመከሩት ከማሩቤኒ የንግድ ኩባንያ ሹማምንት፣ ማለትም ከሽያጩ ተጠቃሚዎች ነው፤ እነርሱም በኋላ ከታናካ ጋር ተፈርዶባቸዋል። ተለማማጁ ተማሪም ያለበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ቋንቋውን በቅጡ አያውቅም፣ የሚያየው አንድ ቢሮ ነው፣ «እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለው ሰው በወሩ መጨረሻ የግምገማ ወረቀቱን የሚፈርምለት አለቃው ነው። የአንድ ክፍል አሠራርን የአንድ ሕዝብ ባሕል አድርጎ ከመቀበሉ በፊት ይህን ማሰብ አለበት።

መለያው ሁሉንም እንደማይፈታ ግን መታወቅ ይገባዋል። አለቃ ሳይወጣ ከቢሮ አለመውጣት በጃፓን ማንም የማይደብቀው፣ ተማሪውም በመጀመሪያው ሳምንት የሚገጥመው ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ በሥራ ብዛት የሚደርሰው ሞት፣ ካሮሺ የተባለው፣ በስም የታወቀ የአገሪቱ ሐዘን እስከ መሆን ደርሷል። ግልጽነት ጉቦን ከስጦታ ቢለይም ጎጂውን ልማድ ከመልካሙ አይለይም። እዚህ ላይ የሚረዳው ሌላው የአውግስጢኖስ ገደብ፣ የመልካም ምግባር ሚዛን፣ ነው፤ ሚዛኑም ከውጭ የመጣ እንዳይመስል፣ የሟቾች ቤተ ሰቦች ለዓመታት ተሟግተዋል፣ የአገሪቱም ፓርላማ በ2018 ባወጣው ሕግ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው በወር ከ45 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። ጃፓናዊ ራሱ የሚከራከርበትን ልማድ «የጃፓን ባሕል» ብሎ ዝም የሚል እንግዳ አክብሮት አሳየ አይባልም፤ በክርክሩ ውስጥ ሳያውቀው ከአንደኛው ወገን ቆሟል።

ስለዚህ የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ውጭ ሲልኩ የስም ካርድ አቀባበል ብቻ አስተምረው መላካቸው በቂ አይደለም፤ የሚሄዱበትን አገር ሕግና ሕዝቡ በራሱ ልማድ ላይ የሚያካሂደውን ክርክር ጭምር ሊያስተምሯቸው ይገባል።