ሰው የማያናግረው አለቃ

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 25 የተጻፈው ናባል 3000 በግና 1000 ፍየል የነበረው ባለጸጋ ነው። የዳዊትን መልእክተኞች ሰድቦ ባዶ እጃቸውን በሰደዳቸው ጊዜ፥ በቤቱ ላይ የሚመጣውን ጥፋት አስቀድሞ ያስተዋለው ከብላቴኖቹ አንዱ ነበረ። ይሁን እንጂ ብላቴናው የሮጠው ወደ ጌታው ሳይሆን ወደ ጌታው ሚስት ወደ አቢግያ ነው፤ ጌታው ሰው ሊያናግረው የማይቻል ክፉ ነበረና። 400 ሰዎች ሰይፍ ታጥቀው ሲመጡ ባለቤቱ ምንም ሳይሰማ ለግብዣ ተቀመጠ።

ይህን ማንሣታችን በምዕራብ ጎጃም የሥራው ጠባይ እየተለወጠ ስለ ሄደ ነው። በገጠሩ ደቦ የጠራ ሰው ራሱ አብሮ ያጭዳል፥ ጠላውንም ያቀርባል፤ ደቦኛውን ቢሳደብ በሚመጣው ዓመት ብቻውን ይቀራል። በፍኖተ ሰላም በሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ወይም በ2013 ዓ.ም. በተመረቀው በቡሬ የኢንዱስትሪ ፓርክ ግን (ማንንም ለመንቀፍ አይደለም) አዛዡና ታዛዡ የደቦ ጎረቤት አይደሉም። ታዛዡ ቢከፋው የወር ደመወዙን የሚጠብቁ ልጆች አሉት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ክብሩ የተነካበት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን እንዲለቅ ይፈቅድለታል። አዋጁ በሩን ይከፍታል፤ ከበሩ ውጭ ላለው ረኀብ ግን መልስ የለውም።

እንዲህ ያለው ሰው ወደ እኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ታገሥ» ብለን እንሸኘዋለን። ከየኔታ አለንጋ ሥር ያደግን ነንና ቁጣንና ትምህርትን ለይተን ማየት ያስቸግረናል። ነገር ግን መታገሥና ዝም ማለት አንድ አይደሉም። የናባል ብላቴና ሥራውን ጥሎ አልሄደም፤ ሆኖም የሚሰማ ሰው ፈልጎ ተናገረ፥ በዚያም ቤቱ ዳነ። እንዲህ ያለ ሰሚ ሲታጣ ምን እንደሚሆን አገራችን ታውቀዋለች። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብርና በሹማምንቱ ጭካኔ ተማርሮ ሲያምፅ፥ ጠቅላይ ገዢው ከጎጃም የተዛወረው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነበረ።

አለቃውም የነፍስ አባት አለው። ስለ ጾሙና ስለ ስግደቱ፥ ስለ ዐሥራቱም እንጠይቀዋለን፤ ከእርሱ በታች ያሉት ስሕተቱን ደፍረው የነገሩት መቼ እንደ ሆነ ግን ጠይቀነው አናውቅም። ይህ ጥያቄ የማንንም ምስጢር አያወጣም፥ የሠራተኛም ስም አያስጠራም። አለቃው «ሠራተኞቼ ቅሬታ የላቸውም» ብሎ ቢመልስልን፥ ጥያቄውን ደግመን መልሱን አስቦ እስኪያገኝ ልንጠብቀው ይገባናል።