መዝገቡ የአንዱ ይሁን

ልጄ ሆይ፣ የደልጊ ልጅ የኮምፒውተር ሙያ ይዛ ባሕር ዳር ላይ ለጣና ስትሠራ ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ማኅበራችሁ ዜናና ጥናት የሚያወጣበት ድረ ገጽ በዎርድፕረስ ተሠርቶ አለ። ዓሣ አስጋሪው፣ ገበሬውና ተመራማሪው ስለ እምቦጭ፣ ስለ ዓሣው መራቢያ፣ ስለ ውኃው መሸሽ የሚነጋገሩበት ሌላ ሶፍትዌር ደግሞ ይጨመር ተብሏል። ሁለቱን አገናኝተሽ ሰው በአንድ ስምና በአንድ ፓስወርድ እንዲገባ አድርጊ ብለውሻል፤ አንቺም የትኛው ፕለጊን ይሻላል ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከፕለጊኑ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የሰዎቹ መዝገብ የማን ነው?

ሁለቱም ሶፍትዌሮች የተጠቃሚ መዝገብ ይይዛሉ። ስም፣ ኢሜይል፣ ፓስወርድ፣ የሥልጣን ደረጃ ሁሉ በየዳታቤዛቸው አለ። ሁለቱንም መዝገቦች በእኩልነት ይዤ እያመሳሰልሁ እሄዳለሁ ብትዪ ብዙም ሳይቆይ የማይጠራ ውዝግብ ውስጥ ትገቢያለሽ። ሰውየው ስልክ ቁጥሩን በአንዱ ይቀይራል፣ በሌላው አሮጌው ይቀራል። አንዱ ጋ የታገደ በሌላው በኩል ይገባል። ትክክሉ የትኛው ነው ሲባል የሚመልስ አይኖርም። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ። ይህ ለባክአፕ የሚሠራ ብልሃት ነው፣ ለሰው መዝገብ ግን አይሆንም። አንዱ ባለቤት ይሁን፤ ሌላው ከእሱ እየጠየቀ ይሥራ። በእናንተ ሁኔታ ባለቤቱ ዎርድፕረሱ ቢሆን እመርጣለሁ፤ የማኅበሩ አባላት አስቀድመው የተመዘገቡት እዚያ ነውና።

መዝገቡን ስትወስኚ የስሙን ነገር በደንብ እዪው። እነዚህ ሶፍትዌሮች ሲሠሩ የታሰበው የቤተሰብ ስም ያለው ሰው ነው። አንዱ ስምን በአንድ ሳጥን ይቀበላል፣ ሌላው ለሁለት ይከፍለዋል። ለማገናኘት ሲባል ብዙ ባለሙያ ስሙን ክፍት ቦታው ላይ ይቆርጠዋል። ገብረ ሥላሴ ተብሎ ተለያይቶ የተጻፈ ስም እንዲህ ሲቆረጥ ሰውየው ገብረ ሆኖ ይቀርና ሥላሴ አባቱ ይሆናል። ሙሉ ስሙን ሳትቆርጪ አሳልፊው።

ኢሜይሉም እንደዚያው ነው። ደልጊ ያለ ዓሣ አስጋሪ ስልክ ይኖረዋል እንጂ ኢሜይል ላይኖረው ይችላል፤ ሶፍትዌሮቹ ግን ሰውን የሚለዩት በኢሜይል ነው። ሶፍትዌሩ ተደጋጋሚ ኢሜይል እንዲቀበል ተደርጎ ከሆነ መዝጋቢዎች ሲቸግራቸው ለብዙ ሰው የአንድ ሰው ኢሜይል እየሞሉ ያልፋሉ። ግንኙነቱ በኢሜይል የተሠራ ከሆነ እነዚያ ሰዎች በሌላው በኩል አንድ ሰው ሆነው ይወጣሉ፤ የአንዱ ሐሳብ በሌላው ስም ይታተማል። ስለዚህ ዎርድፕረስ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚሰጠውን የማይለወጥ ቁጥር መገናኛ አድርጊው። ፓስወርድ ሲጠፋ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም ለዓሣ አስጋሪው በኤስኤምኤስ ይምጣለት። ፓስወርዱ የጠፋበት ሰው ከደልጊ ሐይቁን ተሻግሮ ባሕር ዳር ድረስ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል፤ እኛም የሚያውቀውን ሳንሰማ እንቀራለን።

አሁን ወደ ማገናኛው። አንዱ መንገድ ሁለቱ ሶፍትዌሮች አንድ የዳታቤዝ ሰንጠረዥ እንዲጋሩ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ሰንጠረዥ በቀጥታ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ቀላል ስለሚመስል ብዙዎችን አታልሏል። ፒኤችፒቢቢ የተባለው የመወያያ ሶፍትዌር በ2ኛው እትሙ ፓስወርድን በኤምዲ5 ብቻ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 የወጣው 3ኛው እትም ግን አቀማመጡን ለወጠው። ዎርድፕረስም በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው 6.8 እትሙ ወደ ቢክሪፕት ተሻገረ። ሁለቱም ለውጦች ለደኅንነት የሚበጁ ነበሩ። ሰንጠረዡን በቀጥታ የሚያነብ ማገናኛ ግን አዲሱን አጻጻፍ ካላወቀ ሰው ትክክለኛ ፓስወርዱን ይዞ በር ላይ ይቀራል። የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ውስጣዊ አቀማመጥ ላንቺ የተገባ ቃል አይደለም፤ ባለቤቱ ሳይነግርሽ ይለውጠዋል።

የምመክርሽ መንገድ ሌላ ነው። ከቀበሌ ወደ ቀበሌ የሚሄድ ሰው መሸኛ ይይዛል። ተቀባዩ ቀበሌ ፋይሉን ሁሉ አምጡ አይልም፣ ማኅተሙን አይቶ ያምናል። ዎርድፕረስ ሰውየውን ያረጋግጥና ቁጥሩንና ስሙን ጽፎ በምሥጢር ቁልፍ ፈርሞ ይልካል፤ ተቀባዩ ፊርማውን ይመረምርና ያስገባል። ፓስወርዱ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ለዚህ ሥራ ዓለም የተስማማበት ደንብ አለ፤ ኦውዝ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2012፣ በእሱ ላይ የቆመው ኦፕንአይዲ ኮኔክት በ2014 ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው የመወያያ ሶፍትዌር ዲስኮርስም ዲስኮርስ ኮኔክት የሚባል የራሱ መቀበያ አለው። የምሥጢር ቁልፉን ግን ከኮዱ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጪ፤ ቁልፉን ያገኘ ሰው የማንንም ስም ጽፎ መግባት ይችላል።

መውጫውንም አትርሺ። ሰው ከአንዱ ሎግ አውት ሲያደርግ ከሌላውም መውጣት አለበት። በኢንተርኔት ቤት ወይም በወንድሙ ስልክ የገባ ሰው ወጣሁ ብሎ ሲሄድ በሌላው በኩል ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ቀጥሎ የመጣው በእሱ ስም የፈለገውን ይጽፋል።

ሦስተኛ ወገን የሠራውን ማገናኛ ስትመርጪ ፈቃዱን አንብቢ። የድረ ገጽ መሥሪያው ጁምላ እ.ኤ.አ. በ2005 ከማምቦ ተለይቶ ሲወጣ ሲምፕል ማሽንስ ፎረም ከተባለው መወያያ ጋር የሚያገናኘው ብሪጅ ብዙ ድረ ገጽ ይጠቀምበት ነበር። በ2007 የጁምላ ሰዎች የጂፒኤል ፈቃድን በጥብቅ እናስከብራለን አሉ። የሲምፕል ማሽንስ ፈቃድ በዚያን ጊዜ ከጂፒኤል ጋር የሚስማማ ስላልነበረ ብሪጁ ተነሣ። ኮዱ አልተበላሸም፤ ሕጉ ነው ያቆመው። ሲምፕል ማሽንስ ወደ ቢኤስዲ ፈቃድ የዞረው በ2011 በ2.0 እትሙ ነው። በመካከሉ የነበሩት ዓመታት ለባለ ድረ ገጾቹ የችግር ዓመታት ነበሩ።

ሁለት ሶፍትዌር የግድ ያስፈልጋል ወይ ብለሽ ማኅበሩን መጠየቅም ያንቺ ሥራ ነው። ቢቢፕረስ የተባለው መወያያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዎርድፕረስ ፕለጊን ሆኖ እዚያው ውስጥ ይሠራል፤ መዝገቡ አንድ ስለሆነ ማገናኛ አያሻውም። እንደ ዲስኮርስ ብዙ ነገር አይችልም። ለጥቂት መቶ አባላት ግን ይበቃል፤ ሰርቨሩም በርካሽ ይገኛል። ቴሌግራም አለን አይደል የሚሉሽም ይኖራሉ። ቴሌግራም ለፈጣን ወሬ ጥሩ ነው፤ ዓሣ አስጋሪው ዘንድሮ ስለ አምባዛ የተናገረው ግን ከዓመታት በኋላ ተፈልጎ የሚገኘው የማኅበሩ በሆነ፣ በርዕስ በተደራጀ ቦታ ሲቀመጥ ነው።

ተፈልጎ ይገኛል ስል ግን ፊደላችን መታሰብ አለበት፤ ጊዜሽን በብዛት የምታጠፊበት ጉዳይም ይህ ይሁን። ዩኒኮድ ፊደላችንን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ሳይበር ኢትዮጵያ የተባለው ድረ ገጽ ዋርካ ብሎ የሰየመው፣ በፒኤችፒቢቢ የተሠራው መወያያ፣ በየአገሩ የተበተነ ወገናችን በገዛ ፊደሉ ለዓመታት የተከራከረበት፣ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ከዩኒኮድ በፊት በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ የማኅበሩ አሮጌ ጥናት ካለ እንዳለ ገልብጠሽ ብትለጥፊው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው።

እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። 255 ባይት የሚቀበል ሳጥን 85 ፊደል ነው የሚይዘው። በድረ ገጽ አድራሻ ላይ ሲገባ ደግሞ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአንድ ጽሑፍ የአድራሻ ስም የሚሰጠው ቦታ 200 ስለሆነ የአማርኛ ርዕስ 22 ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። በአንድ ሐረግ የሚጀምሩ ሁለት ረጅም ርዕሶች አድራሻቸው ሊምታታ ይችላል። ስለዚህ የውይይቱን ማስፈንጠሪያ በቁጥር አድርጊው እንጂ በርዕስ አትሥሪው።

ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ዩቲኤፍ8 የሚለው አሮጌ አቀማመጥ ከ3 ባይት በላይ አይቀበልም። 4 ባይት የሚቀበለው ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የመጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። አማርኛ በ3 ባይት ይጻፋልና ምን ቸገረኝ እንዳትዪ። በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደሎች 4 ባይት ናቸው፤ ወጣቱ ከስልኩ የሚልካቸው የሣቅና የልቅሶ ምስሎችም እንዲሁ። አንዱ ዳታቤዝ በአዲሱ፣ ሌላው በአሮጌው ከሆነ ከአንዱ ወደ አንዱ ያለፈው ጽሑፍ ጥብቅ ቁጥጥር በሌለበት ቅንብር ምስሉ ካለበት ጀምሮ ይቆረጣል። ሰውየው ግን ሙሉውን የጻፈ ይመስለዋል። ሁለቱም በዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ይሁኑ።

ፍለጋው ከሁሉ ይብሳል። ማይኤስኪውኤል በኢኖዲቢ ሰንጠረዥ ከ3፣ በማይአይሳም ሰንጠረዥ ከ4 ፊደል በታች የሆነን ቃል ሳይነገረው ከፍለጋ መዝገቡ አያስገባም። ጣና ስንት ፊደል ነው? ሁለት። ዓሣስ? ሁለት። ስለ ጣና ዓሣ የተሠራ ድረ ገጽ በዚህ መዝገብ የሚፈልግ ከሆነ ጣናንም ዓሣንም ፈልጎ ላያገኝ ነው ማለት ነው። ዝቅተኛውን ወደ 2 አውርጂና መዝገቡን እንደገና አስገንቢ። ቀጥሎ የሞክሼ ፊደላት ነገር አለ። ተመራማሪው ዓሣ ይላል፣ አስጋሪው አሳ ይላል፣ ሌላው ዓሳ፣ ሌላው አሣ ይጽፋል። ማሽኑ አራቱን አራት የተለያየ ነገር አድርጎ ነው የሚያያቸው። ሰዎች የጻፉትን አታርሚባቸው፤ እንደጻፉት ይታይ። ለፍለጋው ግን ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ ያመጣ ሁለተኛ ቅጂ ይኑርሽ። የሚፈልገው ሰው የሚጽፈውም በዚያው መንገድ ይለፍ። የተጠቃሚ ስም ሲመዘገብም ይህንኑ አድርጊ፤ ፀሐይ የሚባል ተጠቃሚ እያለ ሌላው ጸሃይ ብሎ ተመዝግቦ በስሙ እንዳይነግድበት።

ሰዓቱን በአጭሩ ልንገርሽ። ሁለቱም በዩቲሲ ያስቀምጡ፤ ወደ እኛ ሰዓትና ወደ እኛ ቀን የሚለወጠው ለሰው ሲታይ ብቻ ይሁን። ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር የቀኑን ቀመር እንዲሠራልሽ አትተዪለት።

የሚጽፉት ሰዎች አደራ ናቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን የማወቅ፣ የማስተካከልና የማስሰረዝ መብት ሰጥቶታል። አንድ አባል አጥፉኝ ሲል ከዎርድፕረሱ ጠፍቶ ስልክ ቁጥሩ በሌላው ዳታቤዝ ከቀረ አልጠፋም። በመሸኛው ላይም የማያስፈልገውን አትጻፊ፤ ተቀባዩ ስሙንና ቁጥሩን ካወቀ ሌላው ምን ያደርግለታል? ጽሑፍ የማንሣትና ሰው የማገድ ሥልጣንም አንድ ከተማ ላይ አይከማች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ አይተሻል። ባሕር ዳር ያለው ኃላፊ መግባት ባቃተው ቀን አዲስ አበባ ያለው ሊተካው ይገባል።

ባክአፕ ስትይዢ የሁለቱን ዳታቤዝ በአንድ ሰዓት ያዢ። የአንዱ የማክሰኞ፣ የሌላው የዓርብ ከሆነ ስትመልሺው ጸሐፊ የሌለው ጽሑፍ ይወጣል። አፕዴት ሲመጣ መጀመሪያ በሙከራ ሰርቨር ላይ፣ መግባቱን፣ መውጣቱን፣ ማገዱንና ፍለጋውን ፈትነሽ ነው ወደ ዋናው የምታወርጂው። የሶፍትዌሮቹንም ዋና ኮድ አትንኪ፤ የነካሽውን አፕዴቱ ያጠፋዋል፣ አንቺ ከሥራው ስትለቂም የሚያውቀው አይኖርም።

የመጨረሻውን ፈተና ግን ቢሮሽ ውስጥ አትጨርሺው። ደልጊ ወርደሽ አንድ ዓሣ አስጋሪ፣ አንዲት ገበያ የምትውል ሴትና አንድ ተማሪ በየራሳቸው ስልክ፣ በዚያ ባለው ኔትወርክ እንዲሞክሩት አድርጊ። ስማቸውን እንደሚጽፉት ይጻፉ፣ ዓሣን እንደሚጽፉት ጽፈው ይፈልጉ፣ ከዚያ ይውጡ። አጠገባቸው ቁሚ፤ ጣትሽን ግን ስልካቸው ላይ አታሳርፊ። እነሱ ያለ አንቺ እርዳታ ገብተው፣ ጽፈው፣ የጻፉትን በማግስቱ ፈልገው እስኪያገኙት ድረስ ሥራው አልቋል ብለሽ ለማኅበሩ አታስረክቢ።