13ኛዋ የብር አቶም

ወርቅና ብር ከጥንት ጀምሮ አብረው ሲመዘኑ፣ ሲነጠሩና ሲወረሱ ኖረዋል፤ እኔን ግን የሚያስደምመኝ ዓይን በማይደርስበት ስፍራ፣ በ25 አቶሞች ብቻ የሚመሠርቱት ጉርብትና ነው። የወርቅ አቶም በመጠኗ ከብር አቶም እምብዛም አትለይምና አንዷ በሌላዋ ቦታ ብትገባ መዋቅሩ አይናጋም፤ 79 ኤሌክትሮን ያላትን 47 ካላት ለይቶ የሚያሳየን በክሪስታሉ ውስጥ የሚያልፈው ኤክስሬይ ነው።

እንዲህ በጥቂት አቶሞች ከሚገነቡት ጥቃቅን የብረት ዘለላዎች መካከል በዘንግ መልክ የተሠራው ከሐሳቤ አይወጣም። እያንዳንዳቸው 13 አቶም የያዙ፣ ሃያ ገጽ ያላቸው ሁለት እንክብሎች ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው ይቆማሉ፤ 26 መሆን ሲገባቸው 25 የሆኑት በመጋጠሚያው ላይ ያለችውን አንዲት አቶም ስለሚጋሩ ነው። በሁለቱም ወገን በድምሩ 10 ፎስፊኖች፣ ማለትም ፎስፈረስ ያዘሉ ሞለኪውሎች፣ ከበዋቸዋል፣ በወገባቸው ድኝ ያዘሉ 5 ሊጋንዶች (ከብረቱ ጋር የሚተሳሰሩ ሞለኪውሎች) እንደ መቀነት ዞረዋል፣ በየጫፉም አንዳንድ ክሎሪን ተቀምጧል። ይህ አጀብ ባይኖር ዘለላው ከዘለላ እየተጣበቀ፣ እየገዘፈ፣ ተራ ብረት ሆኖ በቀረ ነበር። ጥበቃ ሲባል አጥር ይታወሰናል፤ እዚህ ግን ጠባቂው ከሚጠብቀው ጋር ኤሌክትሮን ይካፈላልና የአንዱ ወሰን አብቅቶ የሌላው የሚጀምርበትን ቦታ መለየት ያዳግታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የቻይናዋ ሄፌይ ተመራማሪዎች ከፒትስበርግ ባልደረቦቻቸው ጋር በዚህ ዘንግ ውስጥ በወርቅ ፋንታ ብር ተኩ። የብሩ ቁጥር ከ12 እስካላለፈ ድረስ ዘንጉ ከዋጣቸው 1,000 የብርሃን ቅንጣቶች መልሶ የሚሰጠው ሁለቱን ያህል ብቻ ነው። 13ኛዋ ስትጨመር ግን ከ100ው 40ው ተመልሰው ይወጣሉ፤ ሁለት መቶ እጥፍ ገደማ! ምክንያቱ አይታጣለትም። ይህች አቶም ያረፈችው እንክብሎቹ በሚጋሩት መጋጠሚያ ላይ ነውና ዘንጉን ታጠነክረዋለች፣ የነቃው ኤሌክትሮን የሚወጣበትንም እርከን ታረጋጋለች። ማብራሪያውን በሙሉ ልቤ እቀበላለሁ፤ መደነቄ ግን አይበርድም፣ እንዲያውም ይብሳል። ይህች አቶም ከ12ቱ እህቶቿ በአንድ ኤሌክትሮን እንኳ አትበልጥምና፣ ብርሃኑ የወርቁ ነው ወይስ የብሩ ብዬ ስጠይቅ ጥያቄዬ ራሱ ማረፊያ ያጣል፤ ለአንዳቸውም ለብቻቸው የምሰጥበት ምክንያት አላገኝም።